ራሱን የሚገጣጥም ፔፕታይድ፦ የቱ ለየትኛው ሥራ?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ኬሚስትሪ፣ ፋርማሲ ወይም ባዮቴክኖሎጂ የሚማሩ ልጆች የመመረቂያ ርዕስ ሲፈልጉ አንዳንዴ ዓይናቸው ራሱን በሚገጣጥም ፔፕታይድ ላይ ያርፋል። ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል "የትኛው ፔፕታይድ ይሻላል?" የሚል ነው። እኔ ደግሞ መልሼ "የት ልታስቀምጡት ነው?" እላለሁ። የሚደማ አንጀት ላይ? ጥርስ ላይ? እግር ላይ የቆየ ቁስል ላይ? ወይስ ላብራቶሪ ውስጥ ሴል ልታሳድጉበት? ቦታው ሳይታወቅ ፔፕታይድ መምረጥ ገንዘብ ማባከን ነው። የፔፕታይድ ዋጋ ደግሞ የዋዛ አይደለም።

ስለዚህ እዚህ ዋና ዋናዎቹን አማራጮች የማነጻጽረው በሚቀመጡበት ቦታ ነው። በተለይ ከኛ አካባቢ ሁኔታ ጋር፦ ከመብራቱ፣ ከፍሪጁ፣ ከከፍታው፣ ከመንገዱ ጋር።

መጀመሪያ፣ ነገሩ እንዴት ይሠራል?

ፔፕታይድ አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው። ከአሚኖ አሲዶች ከፊሉ ውሃ ይወዳል፣ ከፊሉ ውሃ ይሸሻል። አንዳንዱ ፖዘቲቭ፣ አንዳንዱ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይይዛል። እነዚህን በተራ ስትደረድሯቸው ሰንሰለቱ ሁለት ገጽ ይኖረዋል። ውሃ የሚሸሹት ገጾች ፊት ለፊት ይጣበቃሉ። ሃይድሮጅን ቦንድ ደግሞ ሰንሰለቶቹን ጎን ለጎን ያያይዛቸዋል። በዚህ መንገድ ወደ 10 ናኖሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለው ክር ይሠራል። ክሮቹ እንደ ባዘቶ ጥጥ ይጠላለፉና በመሃላቸው ውሃ ይይዛሉ። ጄል የምንለው ይሄ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ97 በመቶ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው።

ሙጫ የለም፣ መርዛማ ማጣበቂያ ኬሚካል የለም። ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ጉዳቱም እዚሁ ነው፤ የያዘው ኃይል ደካማ ስለሆነ ብዙ ጭነት አይችልም። ጉልበት ላይ ክብደት የሚሸከም ቅርጭጭት በፔፕታይድ ጄል ብቻ እተካለሁ የሚል ፕሮፖዛል ካያችሁ ቆም ብላችሁ ጠይቁ።

ለምርጫ ወሳኙ ጥያቄ አንድ ነው፦ ፈሳሹ ፔፕታይድ ምን ሲነካው ነው ወደ ጄል የሚለወጠው? ጨው? አሲድ? ሙቀት? ካልሲየም? የምታስቀምጡበት ቦታ ያንን ነገር ከሌለው ፔፕታይዱ የትም አይደርስም። ምሳሌ ልስጥ። የቆየ ቁስል ፒኤች (የአሲድና የቤዝ መለኪያው) አብዛኛውን ጊዜ ከ7 በላይ ነው፤ ወደ ቤዝ ያደላል። ፒኤች ሲወርድ ብቻ የሚረጋ ፔፕታይድ እዚያ ላይ ብታፈሱት ፈሳሽ እንደሆነ ይወርዳል። ጥርስ ላይ ግን ገና እየጀመረ ያለ ብል አሲዳማ ነው፤ ያው ፔፕታይድ እዚያ ሥራውን ይሠራል።

ራዳ 16፦ በሰው ላይ የተፈተነው

መነሻው እርሾ ነው። ተመራማሪው ሹጓንግ ዣንግ በእርሾ ውስጥ በሚገኝ ዙኦቲን በሚባል ፕሮቲን ውስጥ እየተደጋገመ የሚመጣ ቁራጭ አገኘ። ያ ቁራጭ ጨው ሲነካው ራሱን ችሎ ስስ ሽፋን እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1993 ታተመ። ከዚያ የተወለደው ዘመዱ ራዳ 16 ነው። አርጊኒን፣ አላኒን፣ አስፓርቲክ አሲድ፣ አላኒን፤ ይህ አራት ጊዜ ይደጋገማል። 16 አሚኖ አሲድ፣ ከዚያ በላይ ምንም የለም።

ራዳ 16 በንጹህ ውሃ ውስጥ አሲዳማ ፈሳሽ ነው። ደም ወይም የሰውነት ፈሳሽ ሲነካው፣ ማለትም ጨው ሲያገኝና አሲዱ ሲገደል፣ ወዲያው ይረጋል። ስለዚህ የሚደማ ቦታ ላይ ሲቀመጥ የሚያነቃው ነገር ራሱ ደሙ ነው። ከዚህ የተሻለ የቦታና የፔፕታይድ ጋብቻ አላውቅም። ፑራስታት በሚል ስም 2.5 በመቶ ሆኖ በሲሪንጅ ተሞልቶ ይሸጣል። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2014 ፈቃድ አገኘ፤ በአሜሪካ ደግሞ በ2021 ለጨጓራና ለአንጀት መድማት ተፈቀደ። ጄሉ ብርሃን ያሳልፋል። በኢንዶስኮፒ የሚሠራው ሐኪም የሚደማውን ቦታ በጄሉ ውስጥ አሻግሮ ያየዋል። ለሐኪም ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዱቄት ቢነሰንስበት ኖሮ ቦታውን ይሸፍንበት ነበር።

ድክመቱ ምንድነው? አሲዱ። ሴል ቀላቅላችሁ ልታሳድጉበት ከፈለጋችሁ ሴሉ ከአሲዱ ጋር የሚቆይበት ጊዜ በጣም አጭር መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ይሞታል። ቶሎ ቶሎ በማሳደጊያ ፈሳሽ ማጠብ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ድክመቱ ራሱ ለሴል የሚናገረው ነገር የሌለው መሆኑ ነው። ሴሉ እንዲይዘው ከፈለጋችሁ ጫፉ ላይ እንደ አርጂዲ ያለ፣ ሴል የሚያውቀው አጭር የአሚኖ አሲድ ምልክት መቀጠል አለባችሁ። ያ ደግሞ ሰንሰለቱን ያስረዝማል፣ ዋጋውን ይጨምራል።

ማክስ 1 እና ማክስ 8፦ በመርፌ ለሚገባ

ጆኤል ሽናይደርና ዳሪን ፖቻን በአሜሪካ ዴላዌር ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ቤተሰብ ነው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2002 ታተመ። 20 አሚኖ አሲድ አለው። ቫሊንና ላይሲን እየተፈራረቁ ሄደው መሃል ላይ ሁለት ፕሮሊን ሰንሰለቱን ያጥፉታል። አሚኖ አሲዶች እንደ ግራና ቀኝ እጅ የመስታወት ምስል የሆኑ ሁለት መልኮች አሏቸው፤ አንደኛው ፕሮሊን የቀኝ እጅ መልክ ነው፤ መታጠፉን የሚያጸናው እሱ ነው። ላይሲኖቹ ሁሉ ፖዘቲቭ ስለሆኑ በንጹህ ውሃ ውስጥ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ አይታጠፉም። ጨው ሲገባ ወይም ፒኤች ሲወጣ ግፊያው ይረግባል። ሙቀት ሲጨመር ደግሞ ውሃ የሚሸሹት ቫሊኖች ይቀራረባሉ። ያኔ ይታጠፋል፣ ይገጣጠማል።

ይህን ቤተሰብ የምወድበት ምክንያት ሲሪንጅ ውስጥ የሚያሳየው ባህርይ ነው። ጄሉ ሲሪንጅ ውስጥ ረግቶ ተቀምጧል። መግፊያውን ስትጫኑት በመርፌው ቀዳዳ በኩል እንደ ፈሳሽ ይወጣል። ግፊቱ እንደቆመ እንደገና ይረጋል። ሴል ወይም መድኃኒት ውስጡ ቢኖር አይበተንም፤ የተወጋበት ቦታ ላይ ይቆያል። ማክስ 8 አንድ ላይሲን በግሉታሚክ አሲድ ተተክቶ የተሠራ ነው። ቻርጁ ስለቀነሰ በጣም ቶሎ ይረጋል። ይህ የማይረባ ልዩነት ይመስላል፤ ግን በዝግታ በሚረጋ ጄል ውስጥ ሴሎች ወደ ታች ይዘቅጣሉ፣ በማክስ 8 ውስጥ ግን ባሉበት ይያዛሉ።

ሌላም አለ። የማክስ 1 ጄል ላይሲን የሞላበት ገጹ የነካውን ባክቴሪያ ይገድላል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ኢንፌክሽን ለሚያሰጋው ቦታ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ እሱ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ለኛ አካባቢ። ይህ ቤተሰብ ሙቀት ይሰማዋል። ደሴ ላይ በጠዋት ብርድ የተሠራ ሙከራና ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ በቀትር የተሠራ ሙከራ አንድ ዓይነት ውጤት ላይሰጡ ይችላሉ። "የክፍል ሙቀት" ብላችሁ አትጻፉ። ብልቃጡን 37 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ውስጥ አስቀምጡ፣ ቁጥሩን ጻፉ።

ጭራ ያለው ፔፕታይድ፦ ለሴል መልእክት ለሚያስፈልገው

የሳሙኤል ስታፕ ቡድን፣ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ። ፔፕታይዱ ጫፍ ላይ 16 ካርቦን ያለው የቅባት ጭራ ይቀጠላል። ጭራዎቹ ከውሃ ሸሽተው ወደ መሃል ይገባሉ፣ ፔፕታይዶቹ ውጭ ይቀራሉ። ስለዚህ ጫፉ ላይ የጻፋችሁት መልእክት ሁሉ ክሩ ገጽ ላይ ተደርድሮ ለሴሉ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2004 ላሚኒን ከሚባል ፕሮቲን የተወሰደ አይኬቪኤቪ የሚባል ምልክት ቀጥለው የነርቭ መነሻ ሴሎች በፍጥነት ወደ ነርቭ ሴል እንዲያድጉ አደረጉ። በ2021 ደግሞ የአከርካሪ ጉዳት የደረሰባቸው አይጦች አንድ ጊዜ ብቻ ተወግተው በአራት ሳምንት ውስጥ መራመድ እንደቻሉ ታተመ።

አይጦች ናቸው። ይህን ደጋግሜ የምናገረው በመኪና አደጋ እግሩ የከዳው ልጅ ያለው ቤተሰብ ይህን ዜና ስልኩ ላይ ሲያነብ ምን እንደሚሰማው ስለማውቅ ነው። ለሰው የተፈቀደ ሕክምና ሆኖ እስኪመጣ ተስፋውን በልኩ መያዝ ይገባል። ለተመራማሪ ግን መልእክት ማስተላለፍ ዋናው ሥራ ከሆነ ይህ ቤተሰብ ቀዳሚ ነው። ቻርጁ ኔጋቲቭ የሆነው ዓይነት በካልሲየም ይረጋል፤ ካልሲየም ደግሞ በሰውነት ውስጥ በየቦታው አለ።

አጫጭሮቹ፦ ኪሱ ለሳሳ

ከሁሉ አጭሩ ሁለት ፊኒላላኒን ብቻ ነው። ኤሁድ ጋዚትና መይታል ረቸስ እ.ኤ.አ. በ2003 ይህ ጥንድ ብቻውን ናኖ ቱቦ እንደሚሠራ አሳዩ። ጥንዱን ያገኙት በአልዛይመር በሽታ አንጎል ላይ ከሚከማቸው ፕሮቲን ውስጥ ነው። ጫፉ ላይ ኤፍሞክ የሚባል የኬሚካል ቁራጭ ሲቀጠልበት ጄል ይሆናል። ፔፕታይድ አምራቾች ኤፍሞክን ለሥራቸው በየቀኑ ስለሚጠቀሙበት ዋጋው ከ16 ወይም ከ20 አሚኖ አሲድ ጋር አይወዳደርም።

አሠራሩም ቀላል ነው። ፒኤች ከፍ ባለበት ይሟሟል፣ ፒኤች ሲወርድ ይረጋል። አሲድ በጠብታ ብትጨምሩ አንዱ ጥግ ይረጋና ሌላው ፈሳሽ ይቀራል። በዝግታ አሲድ የሚለቅ ጂዲኤል የሚባል ስኳር መሰል ነገር ብትጠቀሙ ግን ጄሉ እኩል ይወጣል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮጀክት፣ ለመማሪያ፣ መድኃኒት እንዴት ከጄል እንደሚለቀቅ ለመለካት ይህን እመርጣለሁ። ለሰው ሰውነት ግን ወደኋላ እላለሁ። ኤፍሞክ ሲፈርስ የሚወጣው ነገር ደህንነቱ ገና ያነጋግራል።

ሁለት ልዩ ጉዳዮች

ጥርስ ከሆነ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። በእንግሊዝ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ አማሊያ አጌሊ ከባልደረቦቿ ጋር የሠራችው ፒ11-4 አለ። 11 አሚኖ አሲድ ነው። ገና ያልተቦረቦረ፣ ነጭ ነጥብ ሆኖ በሚታይ ብል ውስጥ ይገባል፣ አሲዱ ያረጋዋል፣ ክሮቹ ካልሲየምና ፎስፌት ይሰበስባሉ። ኩሮዶንት በሚል ስም ገበያ ላይ ነው። ቀዳዳ ከተከፈተ ግን አይሠራም።

ሁለተኛው ላንሪዮታይድ ነው። እዚህ መድኃኒቱ ራሱ ነው ዕቃው። 8 አሚኖ አሲድ ያለው የሆርሞን መድኃኒት ሲሆን በውሃ ውስጥ ወደ 24 ናኖሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ይሆናል፣ ይረጋል። ከቆዳ በታች ተወግቶ ለአራት ሳምንት ቀስ እያለ ይለቀቃል። ፋርማሲ የምትማሩ ልጆች ይህን አጥኑት። መድኃኒት ተሸካሚ ከመፈለግ በፊት መድኃኒቱ ራሱን ይሸከም እንደሆነ መጠየቅ ብልህነት ነው።

የእግር ቁስልስ?

ይህ ጥያቄ በወሎ ከባድ ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምናው ስሙ የታወቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የስኳር ሕመምተኛ እግርም አለ። ብዙ ልጆች ፕሮፖዛላቸውን እዚህ ላይ ቢጀምሩ አይገርመኝም፤ ልባቸው ትክክል ነው። ግን እስኪ እናስላ። 5 ሴንቲሜትር በ4 ሴንቲሜትር የሆነ ቁስል አለ። 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጄል ላልብሰው ብትሉ 4 ሚሊሊትር ያስፈልጋል። ጄሉ 1 በመቶ ፔፕታይድ ቢሆን 40 ሚሊግራም ነው። በየቀኑ ቢቀየር በሳምንት 280 ሚሊግራም። ንጹህ 20 አሚኖ አሲድ ያለው ፔፕታይድ በዚህ መጠን ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሳምንት! አያዋጣም።

በዚያ ላይ የቆየ ቁስል ፕሮቲን በሚቆራርጡ ኢንዛይሞች የተሞላ ነው። ፔፕታይዱን ይበሉታል። የግራ እጅ መልክ የሆነውን ሳይሆን የቀኝ እጅ መልኩን አሚኖ አሲድ መጠቀም ያድናል፤ ሰውነት የሚያውቀው የግራውን ስለሆነ ኢንዛይሙ ሌላውን ሳይነካው ያልፋል። ግን ዋጋው እንደገና ይወጣል።

ስለዚህ ፍርዴ ግልጽ ነው። ሰፊ ቁስል ለመሸፈን አልጂኔት ይበቃል። ከባሕር አረም ይወጣል፣ በካልሲየም ይረጋል፣ ርካሽ ነው፣ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ አውቀውታል። ደም ለማቆም በብዛት ከተፈለገ ኪቶሳንም አለ። ፔፕታይድ የሚገባው ጥቂት ጠብታ ወሳኝ በሆነበት ቦታ ነው። የሚደማ የደም ሥር ጫፍ፣ የጥርስ ነጥብ፣ ከዓይን ወይም ከነርቭ አጠገብ ያለ ጠባብ ቦታ። እግር ላይ መሥራት ከፈለጋችሁ አልጂኔቱን መሠረት አድርጉና ፔፕታይዱን ቁስሉ ወለል ላይ በስሱ ብቻ ቀቡ። ያ ጥሩ የመመረቂያ ርዕስ ይወጣዋል።

እዚህ ሆናችሁ ስትሠሩ

ከፍታው ቀልድ አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው። ቁም ነገሩ አውቶክሌቭ ላይ ነው፤ ዕቃን በእንፋሎት ግፊት ቀቅሎ ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን ላይ። ብዙ መመሪያ "15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሲደርስ 121 ዲግሪ ነው" ይላል። ይህ ለባሕር ወለል ነው። የግፊት ቆጣሪው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ ደሴ ላይ 121 ዲግሪ ለማግኘት ወደ 19 ፒኤስአይ፣ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 18 ያስፈልጋል። ግፊቱን ሳይሆን ቴርሞሜትሩን እመኑ። ወደ ጄሉ ባክቴሪያ ከገባ ጥፋቱ ፔፕታይዱ ላይ ይላከካል፤ ጥፋተኛው ግን በደንብ ያልተቀቀለው ብልቃጥ ነው።

ፔፕታይዱን ራሱን አትቀቅሉት። ገና ፈሳሽ እያለ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፉት። አንዴ ክር ከሠራ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። እዚህም ላይ ማክስና ራዳ ይለያያሉ፦ ማክስ በንጹህ ውሃ ውስጥ ያልታጠፈ ስለሆነ በቀላሉ ያልፋል፤ ራዳ 16 ግን በውሃ ውስጥም ከፊሉ ክር ሠርቶ ስለሚቆይ ያስቸግራል።

መብራት ይጠፋል። ስለዚህ በደረቅ ዱቄት መልክ የሚመጣውን ምረጡ። ዱቄት በደንብ ታሽጎ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ቢመጣ የከፋ ነገር አይደርስበትም፤ ከደረሰ በኋላ ፍሪዘር ውስጥ ይግባ። ከፍሪዘር ስታወጡት ብልቃጡ ወደ ክፍሉ ሙቀት ሳይመለስ አትክፈቱት፤ ክዳኑን እንደከፈታችሁ የአየሩ እርጥበት ዱቄቱ ላይ ይቀመጣል፣ በሚቀጥለው ጊዜ የምትመዝኑት ውሃ ነው። የተዘጋጀ ፈሳሽ ግን ፍሪጅ ይፈልጋል፣ የፍሪጁን መቆራረጥም አይወድም።

ላብራቶሪ የሌለው ተማሪም ባዶ እጁን አይቀርም። ሦስት አሚኖ አሲድ ያላቸው ሁሉም ፔፕታይዶች 8,000 ናቸው፤ 20 በ20 በ20። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች ሁሉንም በኮምፒውተር ፈትነው የትኛው እንደሚገጣጠም ገመቱ፤ ከዚያ ጥቂቶቹን ሠርተው በእውነት ጄል ሆነው አገኙ። ማርቲኒ የሚባለው ስሌት ዘዴና ግሮማክስ የሚባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛሉ። ኮምቦልቻ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ልጅና ደሴ ኬሚስትሪ የሚሠራ ልጅ አብረው ቢጽፉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ትእዛዝ ስትሰጡ ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። አንደኛ ንጽህናው፤ ለሴል ሥራ ከ95 በመቶ በታች አትቀበሉ። ሁለተኛ ጨው፤ አብዛኛው ፔፕታይድ ቲኤፍኤ ከሚባል አሲድ ጋር ይመጣል፣ እሱ ሴል ይጎዳል፣ ስለዚህ በአሴቴት ወይም በክሎራይድ ቀይሩልኝ በሉ። ሦስተኛ የተጣራ የፔፕታይድ መጠን፤ 10 ሚሊግራም ዱቄት ማለት 10 ሚሊግራም ፔፕታይድ ማለት አይደለም፣ ከፊሉ ጨውና እርጥበት ነው። ይህን ሳያስቡ 1 በመቶ ብለው የቀመሙት ጄል አልረጋ ሲል ነው ብዙ ሰው የአሚኖ አሲዶቹን ቅደም ተከተል የሚጠራጠረው።

መጀመሪያ ትንሽ ብቻ እዘዙ። 10 ሚሊግራም የተጣራ ፔፕታይድ 1 ሚሊሊትር ባለ 1 በመቶ ጄል ይወጣዋል፤ በጥቂት ማይክሮሊትር ከከፋፈላችሁት ለብዙ ሙከራ ይበቃል። በንጹህ ውሃ፣ በ0.9 በመቶ የጨው ውሃ፣ ከዚያም ልታስቀምጡበት ባሰባችሁት ቦታ ፒኤች ሞክሩት። ብልቃጡን ገልብጡ፤ ካልፈሰሰ ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን ጥንካሬውን በሪዮሜትር ሳትለኩ "ጄል ሆነ" ብላችሁ አትጻፉ። በሰው ላይ የሚደረግ ማንኛውም ነገር ከሥነ ምግባር ኮሚቴና ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ በኋላ ነው። ትልቁን ትእዛዝ የምትልኩት ትንሹ ፔፕታይድ በመረጣችሁት ቦታ ፒኤች ላይ ጄል ሆኖ ከረጋ በኋላ ይሁን።